የማይነበብ ቡና

ዘሚራ ቡና አታፈላም ነበር፤ ታንጠባጥበው ነበር እንጂ። ቢቸና ውስጥ እንዲህ የምታደርግ ሰው እሷን ብቻ ነው የማውቀው። በዘጠኝ ዓመቴ፣ በዓለም ላይ ከዚያ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ የሚለኝ ሰው ቢመጣ አላምነውም ነበር።

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የክፍሏን በር ገርበብ ታደርገዋለች። እኔ ደጃፏ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። መጀመሪያ ክብ ነጭ ወረቀት ታወጣና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት አጥፋ ቆብ ታስመስለዋለች። ቆቡን ገልብጣ የመስታወት ማጣሪያዋ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ማጣሪያው ደግሞ አንገቱ የረዘመ ብልቃጥ ላይ ይቀመጣል። ከማንቆርቆሪያው ትንሽ ውሃ አፍስሳ ወረቀቱን ብቻውን ታርሰውና ውሃውን ትደፋዋለች። «ይታጠብ ብዬ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። ወረቀት የሚታጠብበት አገር የት እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ አፈርሁ።

ከዚያ ሻከር ተደርጎ የተወቀጠ ቡና ታደርግበትና ጥቂት ውሃ ጠብ ታደርጋለች። ቡናው ያብጣል። እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ትናንሽ ዓይን ያወጣል። ዘሚራ የእጅ ሰዓቷን እያየች ዝም ትላለች፤ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። «ገና ነው» ትለኛለች ሳልጠይቃት። ቀጥሎ ውሃውን ቀጭን አድርጋ፣ ክብ እየሠራች ታወርደዋለች። ከሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ብልቃጡ ውስጥ የሚጠራቀመው እንደ ሰፈራችን ቡና ጥቁር አልነበረም። ወደ መስኮቱ ከፍ ስታደርገው ቀይ ነው፤ በወዲያ በኩል ጣቶቿ ይታያሉ።

ዛሬ የምኖረው ሞጣ ነው፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቤቴ ውስጥ እንደዚያው አደርጋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመደቡ ወጣት ሐኪሞች «ፖር ኦቨር» ሲሉት ሰምቼ ስሙንም አውቄዋለሁ። ቡናው ለምን እንደሚያብጥ፣ አየሩ ከየት እንደሚወጣ ተማሪዎች ቢጠይቁኝ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ። ቢሆንም ኩፍ ማለት ሲጀምር እስከ ዛሬ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ዘሚራ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ከማሉዲን ጨርቅና ቡና ይነግዱ ነበር፤ ቡናውን በአውቶቡስ ይልኩላታል። ማጣራቱን የለመደችው ጎንደር ስትማር ካንድ አስተማሪዋ ነው። እናቴ አምሳለች የጎኑን ክፍል ያከራየቻት አባቴ ሑመራ ከሄደ በኋላ ነበር።

አባቴ ገላው በ1998 መስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ሄደ። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በኅዳር፣ ቢዘገይ ለገና ሊመለስ ነው። እናቴ ማርገዟን እንኳ ሳያውቅ ነው የወጣው። ኅዳር አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። የእናቴ ሆድ ገፋ፤ አባቴ አልመጣም። ስልክ የነበረው ሰው በጣት የሚቆጠር በነበረበት በዚያ ዘመን የእሱን ወሬ የሚያመጣልን የእትዬ ይርጋነሽ ስኒ ነበር።

እትዬ ይርጋነሽ የጓሮ ጎረቤታችን ናት፤ ስኒ ታያለች። ቡናው ሲያልቅ እናቴ ስኒዋን ደፍታ ትሰጣታለች። እትዬ ይርጋነሽ አተላው እስኪወርድ ትጠብቅና ስኒውን አንስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታያለች። «መንገድ አለ፤ ሰፊ ነው» ትላለች። «ሰው እየመጣበት ነው፤ ጭነት ይዟል። ወንዝ ይታየኛል፤ ገና አልተሻገረውም።» እኔ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ እውነትም የስኒው ግድግዳ ላይ ቡናማ መንገድ ይታየኛል። ወንዙም ዓባይ ነው፤ ከዓባይ ሌላ ወንዝ አላውቅማ። ከደጀን በታች ያለውን ድልድይ አንዴ አይቼዋለሁ፤ አባቴ ሰሊጡን ተሸክሞ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ይታየኝ ነበር። ከሑመራ የሚመጣ ሰው በደጀን በኩል እንደማይመጣ ያወቅሁት ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ካርታ ሳይ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቀን ዘሚራ ከሥራ ቀድማ መጣች። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። የእኛን በር አልፋ በቀጥታ እትዬ ይርጋነሽ ጓሮ ገባች። እኔ ከጌሾው ሥር እየተጫወትሁ ነበርና በአጥሩ ቀዳዳ ሰማሁ።

«ደሙን ሊመረመር የመጣ ሰው ነው» አለች ዘሚራ። «አንድ ካምፕ ነበርን ይላል። ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ ሁሉንም ነገረኝ።»

እትዬ ይርጋነሽ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ «ወሯ እኮ ነው» አለች። «ማን አፍ አለው?»

«ወንድሙስ?»

«ሽታሁን ይነገረው እንጂ እሱም ቢሆን ክርስትናው ሳያልፍ መናገር አይችልም። ክርስትናው ይለፍ።»

እትዬ ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምትስቅ መሰለኝ። ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ከአባቴ ጋር የነበረ ሰው ቀድሞ መጥቷል፤ የሞጣው አጎቴ ሽታሁን ሊነገረው ነው፤ ሚስጥሩም እስከ ክርስትናው ድረስ የተጠበቀ ነው። ማለት አባቴ የሚወለደው ልጅ ክርስትና ላይ ድንገት ከተፍ ሊል ነው። ለእናቴ ላለመንገር አፌን በሁለት እጄ ያዝሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ከትልልቆቹ ጋር ሚስጥር ጠባቂ ሆንሁ።

በማግሥቱ ዘሚራ ብልቃጧን ይዛ ቤታችን መጣች። እትዬ ይርጋነሽም ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ አምሳለች፣ ከዛሬ ጀምሮ አተላ ያለው ቡና ይቅርብሽ» አለች ዘሚራ። «ለሆድሽም፣ ኋላም ለወተትሽ አይሆንም። እኔ እያጣራሁ አመጣልሻለሁ።»

«ንጋትን ሳረግዝ ስጠጣው አልነበር?» አለች እናቴ። ንጋት እኔ ነኝ።

«ያኔ ላቦራቶሪ የት ነበረና?»

እናቴ ሳቀች። እትዬ ይርጋነሽ ትከራከራለች ብዬ ስጠብቅ «የተማረ ያለውን መስማት ነው» ብላ የራሷን ጀበና ወደ ጓዳ መለሰችው። ሥልጣኑን እንዲህ በቀላሉ የለቀቀ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

እናቴ የጠራውን ቡና ጠጣች። እንደ ልማዷ ስኒዋን ደፍታ ለእትዬ ይርጋነሽ ሰጠቻት። እትዬ ይርጋነሽ አነሳችው። ከታች የስኒው አበባ ብቻ ነበር፤ መንገድ የለ፣ ወንዝ የለ።

«ንጹሕ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጭን ነበር።

እናቴ ስኒውን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ዘሚራን አየቻት፤ እትዬ ይርጋነሽን አየቻት። ዘሚራ ምንም ያልፈሰሰበትን ረከቦት ትጠርግ ነበር። «ይሁን እንግዲህ» አለች እናቴ። «ከዛሬ ወዲያ የምጠጣው ይኸን ነው።»

እኔ ግን ያየሁት የዘሚራን ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ሁሉንም ነገር ይይዛል። ከላይ ጭቃ የመሰለ ቡና ገብቶ ከታች ጥሩ ቀይ ውሃ ይወጣል። ታዲያ በስኒው ውስጥ ይወርድ የነበረው የአባቴ መንገድ የት ሄደ? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ወረቀቱ ውስጥ ቀርቷል። ዘሚራ ሆነ ብላ ይዛዋለች፤ ክርስትናው ሳይደርስ እናቴ አይታው ሚስጥሩ እንዳይበላሽ። ያን ጊዜ ዘሚራን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ሰውን ከነመንገዱ፣ ከነወንዙ ወረቀት ውስጥ አጥፋ ማስቀመጥ የምትችል ሴት እኛ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። በፊቷ ሳልፍ እግሬን አቅልዬ እራመድ ጀመር።

ወረቀቶቹን መሰብሰብ የጀመርሁት በዚያው ሳምንት ነው። ዘሚራ ቆሻሻ ጉድጓድ ስትጥላቸው እከተልና አነሳለሁ። እርጥብና ለብ ያሉ ናቸው፤ ጨብጬ ስይዛቸው ሕይወት ያላቸው ይመስለኛል። በግንቦት ፀሐይ የድንጋይ አጥሩ ላይ አሰጣቸዋለሁ። ሲደርቁ አጥፌ ከአልጋዬ ሥር ባለው ካርቶን እደረድራቸዋለሁ። አልፎ አልፎ አንዱን እከፍታለሁ፤ ቡናው ተሰነጣጥቆ ተራራ፣ ገደል፣ ጠመዝማዛ መንገድ ሆኖ ይታየኛል። ሽታው ያውደኛል። ትልቅ ነገር እየተጠበቀ መሆኑንና ጠባቂዋም እኔ መሆኔን ሳስብ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር።

እናቴ በግንቦት መጨረሻ ወንድሜን ባንተአምላክን ወለደች። ዘሚራ ከሥራ ስትመለስ ለአራሷ አጣርታ ታመጣለች፤ እትዬ ይርጋነሽ ገንፎ ታገነፋለች። ሰፈሩ ሁሉ ተራ ገብቶ ውሃ ቀዳልን፣ እንጨት ፈለጠልን። እንዲህ የተወደደ ቤት የለም እል ነበር። ሰዎች በር ላይ ሲደርሱ ወሬያቸውን እንደሚያቋርጡ፣ እናቴ ፊት ከልክ በላይ እንደሚስቁ አሁን ነው የገባኝ። ሰፈሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብሎ ከርሟል።

ሐምሌ ሲገባ ክርስትናው ደረሰ። አጎቴ ሽታሁን ከሞጣ መጣ። አነሳኝና ሳመኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ዘሚራም ለእሷ ተብሎ ከተቀመጠው የጾም ወጥ እየበላች ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ዝናቡ ባቆመ ቁጥር ወደ መንገዱ እወጣለሁ። ባጃጅ ሲመጣ ልቤ ይዘላል። ጠላው አለቀ፣ ሰው ተበተነ፣ ጭቃው ላይ የእንግዳ ዱካ ብቻ ቀረ። አባቴ አልመጣም።

ሁለት ቀን አስቤ ጥፋቱን አገኘሁት። መንገዱ ወረቀት ውስጥ ታጥፎ ሳለ ሰውየው በምን ይምጣ? ዘሚራ ማስቀመጥ ታውቅ ይሆናል፤ ማንበብ ግን የእትዬ ይርጋነሽ ሥራ ነው። ካርቶኔን ነጠላ አልብሼ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ።

እትዬ ይርጋነሽ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ውጭ ያካፋል።

«እትዬ፣ እነዚህን አንብቢልኝ» አልኋት።

አንዱን አንስታ ገለጠችው። «ምንድን ነው? ከየት አመጣሽው?»

«የዘሚራ ነው። የአባባ መንገድ ወረቀቱ ውስጥ ቀርቷል። ስኒው ላይ የማይወርደው ለዚያ ነው። ካልተነበበ አይመጣም።»

ሁለተኛውን ገለጠች፤ ሦስተኛውን ገለጠች። እኔ በጣቴ አሳያት ጀመር። «ይኸው ወንዙ። ይኸው ድልድዩ። እዚህ ጋ እሱ ነው መሰለኝ።» እጆቿ ጉልበቷ ላይ ወደቁ። ወረቀቶቹን ሳይሆን እኔን ታየኝ ጀመር፤ ፊቷን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

«መንገድ የለም እዚህ ውስጥ፣ ልጄ» አለች።

«በሌላው ይኖራል። ብዙ ነው እኮ።»

«በሌላውም የለም። ስኒውም ላይ አልነበረም።»

ተነሣች። ምስሩ ከሰፌዱ ላይ ፈሰሰ፤ አላየችውም። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ በካፊያው ወጥታ ሄደች። እኔ ከተበተነው ምስርና ከተገለጡት ወረቀቶች መካከል ብቻዬን ቀረሁ። በሦስቱ ወረቀቶች ላይ ቡናው በእጃችን ተነካክቶ ረግፏል፤ መንገዱም ወንዙም ዱቄት ሆኗል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ የገባኝም ስሕተት ነበር። ዘሚራ ተጠንቅቃ ያስቀመጠችውን እኔ ከፍቼ አጠፋሁት። አባቴን መንገድ ላይ አስቀረሁት።

ይህን ለማንም ሳልናገር አሥራ አራት ዓመት ተሸከምሁት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሞጣ ስመደብ ዘሚራ ወደ አገሯ ተመልሳ የአባቷን ሱቅ ይዛ አገኘኋት። ቡና እያንጠባጠበችልኝ ነገርኋት። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ወረቀቱ ውስጥ የነበረው ቡና ነው፣ ንጋት» አለችኝ። «ቡና ብቻ።»

ሰውየው ለወባ ሊመረመር የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር። አባቴን በኅዳር ሑመራ ከቀበሩት አንዱ ነው። ዘሚራ ልትነግረን አትችልም፤ በእኛ አገር መርዶ በማንም አፍ አይነገርም፤ ነፍሰ ጡርም አራስም አትረዳም፤ ኀዘን ወተት ያደርቃል ይባላል። ስለዚህ ለጎረቤት ነገረች።

«ያን የጠራ ቡና ለእናትሽ ማምጣት የኔ ሐሳብ መስሎሽ ነበር?» አለችኝ። «ይርጋነሽ ናት። ያን ቀን ጓሮዋ እግሬ ላይ ወደቀች። ‹ስኒዋን ስትሰጠኝ ይመጣል ብዬ መዋሸት አልችልም፤ እውነቱንም መናገር አልችልም። ያን የማይነበበውን ቡናሽን አጠጪልኝ› አለችኝ።»

«አተላው ለወተት አይሆንም ያልሽውስ?»

«ፈጥሬው ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

በቡና የሚፎካከሩ የመሰሉኝ ሁለት ሴቶች አንዲት ነፍሰ ጡር ከአንዲት ስኒ ሲጋርዱ ነው የከረሙት። ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ከወረቀቱ ይልቅ በእነሱ እደነቅ ነበር። አሁን እደነቃለሁ።

እትዬ ይርጋነሽ በዚያ ካፊያ የሄደችው ገና ወደ ሞጣ ያልተመለሰው አጎቴ ዘንድ ነበር። «ከእንግዲህ አልችልም፤ ሕፃኗ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ እየፈለገችው ነው» ብላዋለች።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ዝናቡ አባርቷል። እናቴ ከእኔ በፊት ተነሥታለች። ቤቱ ተጠርጓል፤ አግዳሚዎቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ ባንተአምላክ ጠግቦ ተኝቷል። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች። እንግዳ የሚመጣ መሰለኝ፤ ማን ነው ስላት ፊቴን ለብ ባለ ውሃ አጠበችኝና በነጠላዋ ጠረገችኝ።

ብዙ እግር ጭቃ ሲረግጥ ተሰማ። እናቴ ሳይጠሩን በሩን ከፈተችው። ከፊት መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ የቅኔ መምህር፣ እኛ ልጆች ከሩቅ ስናያቸው የምንቆምላቸው። ከኋላቸው አጎቴ ሽታሁን፣ ወንዶች፣ ሴቶች፤ እትዬ ይርጋነሽ፤ በዳር በኩል ሻሿን ወደ ግንባሯ ያወረደች ዘሚራ። ግቢው ሞላ፤ የሚናገር ግን የለም።

«አምሳለች» አሉ መሪጌታ፣ በትራቸውን ተደግፈው። «ሰጪም እሱ፣ ነሺም እሱ ነው። ሰው በተፈጥሮው...»

«አባቴ፣ ለእኔ አይድከሙ» አለች እናቴ። «እኔ ከፋሲካ ወዲህ አውቃለሁ።»

አጎቴ ቀና አለ።

«ማን ነገረሽ?» አላት።

«ማንም። ስኒው ቢጠራ ፊታችሁ አልጠራም ነበር።» እትዬ ይርጋነሽንና ዘሚራን በተራ አየቻቸው። «ደክማችሁልኛል፤ እንዳልሰማ ሆኜ ጠጣሁላችሁ። ወተቴም አልደረቀ፤ ልጁም አደገ።» አጎቴ በቁሙ ያለቅስ ጀመር። እኔ የማየውን አላምንም ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ከእናቴ ሚስጥር ስጠብቅ፣ እሷ ከሰፈሩ በሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች።

እናቴ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ገፋ አደረገችኝ።

«ያልሰማች እሷ ናት» አለች። «ለእሷ ንገሯት።»

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሴቶቹ ለማልቀስ የከፈቱትን አፍ ዘጉ። መሪጌታ አካለ ወልድ በትራቸውን ለአጎቴ ሰጡ፤ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያም ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ዓይናቸው ከዓይኔ እኩል እስኪሆን ድረስ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«ንጋት ገላው» አሉኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ በሙሉ ስሜ።

«አቤት» አልሁ።